ወደፊት የዞረው ኮርቻ

ሐጎስ ሞቶ ሬዲዮው አልሞተም ነበር። ከውጭ በጓጉንቸር በተቆለፈ ሱቅ ውስጥ ማርሽ ያሰማል፣ ዜና ያነባል፣ ተመልሶ ማርሽ ያሰማል። ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ጠላ የሚሸጡት እማማ ወርቅዬ ሰኞ ጠዋት ሲወጡና ሲገቡ እየሰሙ ዝም አሉ። ረፈድ ሲል ግን ነገሩ አላምር አላቸውና ለአብዮት ጥበቃ ነገሩ። አብዮት ጥበቃው ለቀበሌ ነገረ፣ ቀበሌው ለእኛ ደወለ። እኛ ደግሞ የላንድሮቨሩ የቤንዚን ኮታ አልቆብን ስለነበር በውይይት ታክሲ ሄድን።

«ሐጎስ እኮ ለባትሪ ሲሳሳ ዜና እንኳን አያስጨርስም» አሉኝ እማማ ወርቅዬ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ሬዲዮ ከፍቶ በር ቆልፎ የሚሄድ ሰው አይደለም።»

ጓጉንቸሩን ለመስበር ድንጋይ ስንፈልግ ቁልፉን ከበሩ ጉበን ላይ አውርደው ሰጡን። ሐጎስ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ ይህን የማያውቅ ደንበኛም ጎረቤትም የለም። ሥራዬን ገና ሳልጀምር አንዱን ፍንጭ ተሰናበትኩት።

ብስክሌት ጠጋኙ ሐጎስ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረው የብረት መያዣ ሞርሳ ጥርስ ላይ ደርቋል። የቱታው የደረት ቁልፎች ተበጥሰዋል። አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ገፍቶታል፣ ከዚያም ወጥቶ በሩን ቆልፏል። ሬሳ በሩን ከውጭ አይቆልፍም።

«ወዲያው አልሞተም፣ ጌታዬ» አለች ሃምሳ አለቃ ዘርፌ። በዘይት በጠቆረው ወለል ላይ ተረከዙ የተጎተተበትን መስመር በባትሪዋ አሳየችኝ።

ዘርፌ ረዳቴ ናት። ስብሰባ ላይ «ጓድ»፣ ሥራ ላይ «ጌታዬ» ትለኛለች። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ ገና አልሰለቻትም። እኔ ሻምበል መኩሪያ ነኝ፤ ጡረታዬን የምጠብቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣ ሰው ሲዋሸኝ መናደድ የተውኩ ሰው። ወሩ ሐምሌ ነበር፣ ዓመቱ 1980። በዚያ ክረምት ዝናቡም ውሸቱም አላባራ ብሎ ነበር።

አሻራ ለማንሳት ያመጣነው ዱቄት ከዘይቱ ጋር ጭቃ ሆኖ ቀረ። የጠፋ ዕቃ የለም። በሩ አጠገብ አንድ የእሽቅድምድም ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀለም ያልተቀባ፣ ግራጫ። ዘርፌ ከመንገድ ላርቀው ብላ አነሳችውና ደነገጠች።

«ውስጡ ባዶ ነው እንዴ? እንደ ዣንጥላ ይነሳል!»

«የሩሲያው ነው» አሉ እማማ ወርቅዬ ከደጅ። «ሰፈሩ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው። ዑቕባይ ልግዛው፣ አልግዛው እያለ እንቅልፍ አጥቷል አሉ።»

«ዑቕባይ ማነው?»

«ተወዳዳሪው ነዋ! የፋብሪካው የብስክሌት ቡድን አለቃ። ትናንት ሊመሽ ሲል እዚህ ነበር። 'ዛሬ ንገረኝ፣ ነገ አይሆንም' እያለ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ተናዶ ወጣ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ እኔም በሬን ዘጋሁ። ሌላ የሰማሁት የለም፣ ቢገድሉኝም የለም።»

* * *

ዑቕባይን ከልምምድ አስነስተው አመጡልን። አጠር ያለ፣ ባቱ የተፈተለ ገመድ የመሰለ ወጣት ነው። የሐጎስን ሞት ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው የጠየቀኝን ግን አልጠበቅኩም።

«ኮርቻው ወዴት ነበር የዞረው?»

«የምኑ ኮርቻ?»

«የብስክሌቱ። አፍንጫው ወደፊት ነበር ወይስ ወደ ኋላ?»

ሰው ሞተ ሲባል ስለ ኮርቻ የሚጠይቅ ወይ አብዷል ወይ የሚያውቀው ነገር አለ። «እንደማንኛውም ኮርቻ ወደፊት ነው» አልኩት።

«አይሆንም» አለ። ለእኔ አይደለም፣ ለራሱ ነው ያለው።

«አስረዳኝ።»

«አያ ሐጎስ የሰው ብስክሌት በአፉ አይነቅፍም። 'የሻጭ ፊት አይሰበርም' ይላል። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ያሳድረዋል። ሲመረምረው ገዢም ሻጭም አይቆሙበትም። ጠዋት ስንመጣ በሩ አጠገብ አቁሞ ይጠብቀናል። ኮርቻው ወደፊት ከሆነ ግዛ ማለቱ ነው። ወደ ኋላ ካዞረው አትግዛ ማለቱ ነው። ምክንያት አይጠየቅም። ሻጩም ሳይቀየም ይዞት ይሄዳል። የራሱ ልማድ ነው፤ እኛም ለመድነው። እዚህ ከተማ ያለ ተወዳዳሪ ሁሉ ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ግዛ ብሎሃላ!»

«ቅዳሜ ነድቼዋለሁ፣ ሻምበል። ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጠው ከሥር ቋ ይላል። እኔ የሰማሁትን አያ ሐጎስ ሳይሰማው አይቀርም።»

«ታዲያ እሁድ ምን አጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ዛሬ ንገረኝ አልኩት፣ ሳላሳድር አልናገርም አለኝ።»

«አንድ ሌሊት መታገሥ ለምን አቃተህ?»

የልምምድ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

«ሻጩ ማነው?»

«ዘርአጽዮን። ጉርድ ሾላ መለዋወጫ ይሸጣል። ድሮ ሻምፒዮን ነበር።»

«ስንት ብሎ ሊሸጥልህ ነው?»

«እሱን አልነግርዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በትሕትና።

በቁጣ የተዘጋ አፍ ይከፈታል። በትሕትና የተዘጋ ግን ያስቸግራል፤ ምን ብዬ ልጩህበት? ጣቢያው እስር ክፍል አስገባሁት።

* * *

አለቃዬ ጓድ ሻለቃ አስጠሩኝ።

«የሩሲያ ባለሙያ ብስክሌት ነው አሉ። እውነት ነው?»

«ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገብቷል። ሲሄድ ለአንድ ነጋዴ ትቶለት ነው።»

«ልጁስ? የሰሜን ልጅ ነው። ለውድድር ምሥራቅ ጀርመን ሊሄድ ስሙ ተላልፏል። የውጭ ብስክሌት፣ የውጭ ጉዞ፣ የሞተ ሰው! ላይ ያሉት ጓዶች ፋይሉን ጠይቀዋል።»

«ተራ የሰው ግድያ ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

«በዚህ ጊዜ ተራ ነገር አለ እንዴ? እስከ ሐሙስ ተራ መሆኑን አሳየኝ። አለዚያ ልጁን ከነፋይሉ ይወስዱታል።»

ወደ ላይ የሄደ ፋይል ሲመለስ አላየሁም። ከፋይሉ ጋር የሄደውም ሰው እንደዚያው ነው። እናቶች ስንቅ ቋጥረው ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ፣ እኛም «እዚህ የለም» እንላቸዋለን፤ እውነታችንን ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ከልቤ ደክሞኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ እግሬን ጨው ውኃ ውስጥ ብነክር ደስ ባለኝ።

ስወጣ የዑቕባይ እህት ትርሓስ ደጁ ላይ ሣህን ይዛ ቆማለች። ወንድሟ ነፃ ነው ብላ አልተከራከረችኝም፤ ፍቱልኝም አላለችም።

«ሻምበል፣ እዚሁ ይሰሩት» አለችኝ። «የፈለጉትን ያህል ይሰሩት። ሌላ ቦታ ብቻ እንዳይወስዱብኝ።»

ወደ ቤቴ አልሄድኩም።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ዘርፌ ብስክሌቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ስታገላብጠው አገኘኋት።

«ጌታዬ፣ ይህ ነገር ቀለም የለውም ብለን አልነበር?»

ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት አጠገብ በጥፍሯ ፋቀች። ግራጫ ቀለም ተላጠ። ከቀለሙ ሥር ቢጫ ነሐስ ወጣ፤ በነሐሱ መሐል ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይሄዳል።

ዑቕባይን ከክፍሉ አስወጥተን አሳየነው። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ቲታንየም ነው ይሄ። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ግን እኛ አገር ባለው እሳት አይበየድም። በግድ ከበየዱት ይብስበታል። የኮተቤን ቁልቁለት በዚህ ስወርድ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ነገሩ ከዚህ ወዲያ ግልጽ ሆነ። ሐጎስ ስንጥቁን አይቷል። ስንጥቁን ካየ ኮርቻውን ወደ ኋላ አዙሯል። እኛ ግን ያገኘነው ወደፊት ዞሮ ነው። ሐጎስን የገፋው ሰው ኮርቻውን አዙሮ፣ የሞተውን ሰው «አትግዛ» «ግዛ» አድርጎታል።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ዑቕባይ። «ቅዳሜ ኮርቻውን በራሴ ልክ አድርጌ፣ እንዳይጠፋኝ ዘንጉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ጠምጥሜ ነበር። ፕላስተሩ የቱቦውን አፍ ይነካ ነበር። አሁን ይዩት።»

ፕላስተሩ ከቱቦው አፍ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል። ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው።

«ሐጎስ ከፍ አድርጎት ቢሆንስ?»

«እሱ ሲያዞር ከፍታ አይነካም። ይህን ያደረገው የብስክሌት ሰው ነው፣ ሻምበል። እኛ ኮርቻ ስናጠብቅ አናስብም፤ እጃችን ራሱ የለመደው ልክ ላይ ይወስደዋል። እርስዎ ኮፍያዎን ሲያደርጉ መስተዋት ያያሉ?»

አላይም። ዘርፌ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ ከፔዳሉ እምብርት እስከ ኮርቻው ጫፍ ለካችና ቋጠረችበት። ያን ቀንና በማግስቱ በተፈታ ጫማ እየተጎተተች ዋለች።

* * *

ብስክሌቱን ውይይት ታክሲ ጣሪያ ላይ ጭነን ጉርድ ሾላ ወረድን። ዘርአጽዮን ሱቁ ውስጥ በጎማ ካመራዳሪና በብስክሌት ካቴና መሐል ተቀምጧል። ፂሙን አልተላጨም። ከጀርባው ሁለት ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል፤ በአንዱ ራሱ በወጣትነቱ ዋንጫ አቅፏል፣ በሌላው አንድ ሎጋ ጎረምሳ ብስክሌት ይዞ ቆሟል።

«ለሐጎስ ነፍስ ይማር» አለ፣ ሳልቀመጥ። «ከአስመራ ጀምሮ ነው የማውቀው።»

«ነፍስ ይማር። ብስክሌቱ የተሰነጠቀ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ጭረት ናት ብዬ ነው ያሰብኩት። ማዶ ላለው በያጅ፣ ለአለም ሰጠሁት፣ ነሐስ አደረገበት።»

«እሁድ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ሰፈሬ። ገርጂ፣ ቀበሌው አዳራሽ። እስኪመሽ ስብሰባ ነበር።»

ያኔ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የእሁድ ምስክሩ አንድ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ። ግማሹ እዚያ ሆኖ ይተኛል፣ ግማሹ ሳይሄድ ሄጃለሁ ይላል። ለመርማሪ ከዚህ የባሰ ጣጣ የለም።

«ስንት ብለው ሊሸጡለት ነበር?»

«ገና አልተነጋገርንም።»

ገዢው አልናገርም ይላል፣ ሻጩ አልተነጋገርንም ይላል። ጉርድ ሾላ ዋጋ ሳይጠራ ዕቃ የሚያስመረምር ነጋዴ ካለ ላየው እፈልጋለሁ።

«እስቲ ይውጡበት» አልኩት።

ግራ ተጋባ፣ ግን ወጣ። የድሮ ሻምፒዮን ነውና ሲወጣበት ያምር ነበር። እግሩ ግን ፔዳሉን አጣው፤ የጣቱ ጫፍ እንኳን አልደረሰም። ዘርፌ ወደ እኔ አየች፣ ፊቷ ጠቆረ።

«ይህ የእኔ ልክ አይደለም» አለ እየወረደ። «የረጅም ሰው ነው።»

እውነቱን ነበር። ያን ቀን የነገረኝ እውነት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማዶ ያለው በያጅ አለም ረጅም ነው። ገና ስናየው ዘርፌ ክንዴን ጎነተለችኝ። ሐጎስን እንደማይወደውም አልደበቀንም።

«በሥራዬ ሲያላግጥ ነው የኖረው! 'አለም የበየደውን ዝናብ ይፈታዋል' እያለ! ይህንን ብስክሌት ግን እኔ አይዝም ብዬዋለሁ። ዘርአጽዮን ነው በእግዜር ስም የለመነኝ።»

«ውጣበት» አለችው ዘርፌ።

ኮርቻው ልኩ ነበር። እግሩ ፔዳሉን በደንብ አገኘው። ዘርፌ ካቴናዋን ልታወጣ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። አለም ግን አንዴ ረገጠ፣ መሪው ተጠመዘዘበት፣ ከነብስክሌቱ የመንገዱ ዳር ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

«ብስክሌት ነድቼ አላውቅም!» ሲል ጮኸ ከጭቃው ውስጥ። «በያጅ ነኝ እኮ!»

እሁድ ቤቱ ማኅበር ነበር፤ ቄሱን ጨምሮ የበላና የጠጣ ሁሉ መሰከረለት። ከዚህ ሁሉ የተረፈን የቆሸሸ ኤግዚቢት ነው። ዘርፌን በመንገድ ላይ የተፈታ ጫማዋ አስቸገራት። እኔን ደግሞ የትርሓስ ሣህን ፊቴ ላይ እየመጣ አስቸገረኝ።

* * *

ረቡዕ የቀረን የዘርአጽዮንን ስብሰባ ማጣራት ነበር። ኮርቻው ነፃ ያወጣውን ሰው ማጣራት ከንቱ ድካም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ገርጂ ያኔ እርሻና አዳዲስ ቤት የተቀላቀለበት ዳርቻ ነው፤ ጭቃው የዘርፌን ያልታሰረ ጫማ ደጋግሞ ያስቀረው ነበር። የዘርአጽዮን ቤት ከቀበሌው በፊት ስለሚገኝ መጀመሪያ እዚያ አንኳኳን።

በሩን ከፍታ የወጣችው ሚስቱ አስመረት ናት። ዓይኗ አብጧል። የደንብ ልብሳችንን ስታይ እጄን ያዘችኝ።

«ስለ ገብረኣብ ነው? ለቀቁት?»

«ገብረኣብ ማነው፣ እመቤቴ?»

«ልጄ! እሁድ ቀን ከመንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት እንጂ። ለውትድርና። እዚሁ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቆልፎበታል። ከእሁድ ጀምሮ ደጁ ላይ ነኝ፤ ልብስ ልቀይር ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እሁድ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አልነበረም?»

«የምን ስብሰባ? ልጆች ሞልተውበት!»

ዘርፌ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሴትዮዋ የምትናገረውን ታውቅ እንደሆነ ለማየት አልፈለግኩም።

«ባለቤትዎስ እሁድ?» አልኳት።

«ደጁ ላይ አብረን ቆመን ነበር። እሱ እንኳን ተስፋ አለን አለኝ። ዑቕባይ ብስክሌቱን ከተቀበለ ፋብሪካው ገብረኣብን የቡድኑ አባል ነው ብሎ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ የስፖርት ልጅ አይወሰድም። ድሮም ስምምነታቸው ይኸው ነው። ብቻ ሐጎስ ይሁን ማለት አለበት። 'ሳይጭኗቸው ዛሬውኑ ላናግረው' ብሎ ሄደ። ዝናብ እስከ አጥንቱ ዘልቆት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አይናገርም፣ አይበላም።»

ዋጋው ይህ ነበር። ብስክሌቱ ወደ ቡድኑ፣ ልጁም ወደ ቡድኑ። ዑቕባይ ይህን አፉን ሞልቶ ቢነግረኝ ኖሮ የገብረኣብ ስም «ከግዳጅ ሊያመልጥ» ተብሎ ይያዝ ነበር። ስለዚህ ራሱን ሊወስዱት ሐሙስን እየጠበቁ እያለ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። የሰው ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ያሳፍረኛል፤ በመልካምነቱ።

በረንዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የብረት ብስክሌት ቆሟል። ዘርፌ ላስቲኩን ገልጣ የጫማ ማሰሪያዋን ከፔዳሉ እምብርት ወደ ላይ ዘረጋች። ቋጠሮው ኮርቻው ጫፍ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አላለፈም፣ ከዚያ አላነሰም።

«ልጁ ነው!» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጁ ተቆልፎበት ነበር።»

ወደ አስመረት ዞርኩ። ጥያቄውን ከመጠየቄ በፊት መልሱን አውቄው ነበር፤ ባልጠየቅኩ ብዬ ተመኘሁ።

«ይህን ኮርቻ የሚያስተካክለው ማነው?»

«አባቱ ነዋ» አለች። እንባዋ ሳይደርቅ ትንሽ ፈገግ አለች። «ጠዋት ጠዋት ፈትቶ ይጠርግለታል፣ በክንዱ ለክቶ መልሶ ያስርለታል። ለዚያ ቡድን ሊያደርሰው እኮ ነው። ልጁ አንድ ቀን በእጁ ነክቶት አያውቅም።»

* * *

ዘርአጽዮን ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን። የጫማ ማሰሪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የገብረኣብ እግር» አልኩት።

ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ክንዱን አነሳና ከጎኑ ዘረጋው፣ ከብብቱ ሥር እስከ ጣቱ ጫፍ ለካው። ልኩ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ከፍ አድርጌዋለሁ?»

«አላወቁም?»

«አላወቅኩም። ወደፊት እንዳዞርኩት ነው የማውቀው።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ። ድምፁ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ስገባ አዙሮታል። ወደ ኋላ። ሐጎስ፣ አዙርልኝ አልኩት። ልጄን ሊጭኑት ነው አልኩት። ጉልበቱን ሳምኩት። 'የአንተን ልጅ ለማትረፍ የሌላውን ልጅ ቁልቁለት ላይ ልግደለው?' አለኝ። ለዑቕባይ በድብቅ እነግረዋለሁ፣ እንዳይነዳው፣ ለደብዳቤው ብቻ ነው አልኩት። 'አሁን የምትለውን ነገ ትረሳዋለህ' አለኝ። እውነቱን ነው፤ እረሳው ነበር። ያኔ ያዝኩት።»

«ገፉት።»

«ገፋሁት። ሞርሳው…»

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?»

ዘርፌ መጻፏን አቆመች።

«ይተነፍስ ነበር» አለ።

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

«ኮርቻውን አዞርኩ።»

ጉርድ ሾላ ላይ አውቶቡስ ሲቆም፣ ሰው ሲጋፋ፣ አንዱ ሌላውን ሲሳደብ ይሰማል። ስንት ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹን ጠልቼ ተገላግያለሁ፣ መጥላት ያሳርፋል። ይህን ሰው መጥላት አቃተኝ፣ ይቅር ማለትም አቃተኝ። የሰላሳ ዓመት ወዳጁ እግሩ ሥር እየተነፈሰ መፍቻ ፍለጋ የዞረ ሰው ነው።

«ሻምበል፣ አንድ ነገር» አለ። «የልጁን ነገር ቃሌ ውስጥ አያስገቡት። አባቱ ሊያስመልጠው ነበር ከተባለ እዚያ ሲደርስ ይብስበታል።»

ዘርፌን አየኋት። አንገቷን ደፋች። ብዕሩን ተቀበልኳትና የግድያው ምክንያት የሚለው ላይ «በብስክሌቱ ዋጋ ባለመስማማት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም፤ ያልተስማሙት በዋጋው ነው።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ዑቕባይን ለትርሓስ አስረከብኳት። አላመሰገነችኝም። ሐሳቤን እንዳልቀይር የፈራች ይመስል እጁን ይዛ እየሮጠች ወሰደችው።

እሱ ግን ቤቱ አልገባም። ከጣቢያው በቀጥታ ፋብሪካው ሄዶ፣ ተለማምጦም ተቆጥቶም፣ ያለ ብስክሌት ደብዳቤውን አጽፎ ገርጂ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እኔ ቢሮ በር ላይ ቆመ። ደብዳቤው በእጁ ነበር፣ ዝናብ ነክቶታል።

«አዳራሹን እየጠረጉት ደረስኩ» አለኝ። «ሊነጋ ሲል ጭነዋቸዋል።»

«እናቱስ?»

«ደጁ ላይ ናት። ባዶ ነው ስላት አትሰማኝም።»

 ተቀመጥ አልኩት፤ አልቀመጥም ብሎ ሄደ።

ብስክሌቱን ወደ ኤግዚቢት ክፍል ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ አያሌው በአንድ እጁ አንስቶ ሲያመዛዝነው ዓይኑ በራ።

«ሻምበል፣ ቆይቶ ለጨረታ መውጣቱ አይቀርም። ለመመላለሻ ልገዛው አስቤ ነበር። ምን ይመስልዎታል?»

«መፍቻ አለህ?» አልኩት።

ሰጠኝ። ዘንጉን አንቆ የያዘውን ብሎን አላላሁና ኮርቻውን ወደ ኋላ አዞርኩት። መልሼ ሳጠብቀው እንዳይወርድብኝ በሌላው እጄ ደግፌ ያዝኩት፤ ከፍታውን አልነካሁበትም።